በኢምፕላንት የተደገፈ የሚወልቅ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስን ውጥረት በኮምፒውተር መተንተን፦ ከስካን እስከ ውጤት ንባብ

ሰው ቀጥ አድርጎ ሲነክስ ጤናማ የተፈጥሮ ጥርስ ከ25 እስከ 100 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ከአጥንት ጋር የተዋሐደ ኢምፕላንት (በመንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ሥር) የሚወርደው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ያህል ብቻ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያርፍበት ድድ ደግሞ እንደ ውፍረቱ በመቶ የሚቆጠር ማይክሮን ሊጨመቅ ይችላል። በኢምፕላንት የተደገፈ የሚወልቅ ከፊል ሰው ሠራሽ ጥርስ እነዚህን ሦስቱን በአንድ ጠንካራ የብረት አጽም ያስተሳስራቸዋል። ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዶ አንዱ ጉልቻ ዐለት፣ አንዱ ደረቅ አፈር፣ አንዱ ጭቃ ላይ ቢሆን ድስቱ ወዴት እንደሚያጋድል፣ ክብደቱንስ ማን እንደሚሸከም አስቀድሞ ማስላት ይቻላል። ይህ ትንተናም የሚያደርገው ያንኑ ነው፤ ውጥረት የምንለውም በየክፍሉ ውስጥ በካሬ ሚሊሜትር የሚያርፈውን ኃይል ነው።

መመሪያው ለጥርስ ሐኪም፣ ለጥርስ ቴክኒሻንና ከእነሱ ጋር ለሚሠራ መሐንዲስ የተጻፈ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ አቋሜን ልናገር፦ ኮምፒውተሩ የሚታመን መልስ የሚሰጠው በሦስቱ ድጋፎች መካከል ያለው የመውረድ ልዩነት ሞዴሉ ውስጥ በትክክል ሲገባ ነው። የአጥንቱን ቅርጽ ማሳመርና የኢምፕላንቱን የብሎን ጥርስ አንድ በአንድ መቅረጽ ብዙ ቀን ይበላል፤ ውጤቱን የሚገለብጡት ግን ለድዱ የሚሰጡት ባሕርይና በክፍሎቹ መካከል ያለው ንክኪ ናቸው። ስለዚህ እነሱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

1. ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት ምን ከምን ጋር እንደሚያወዳድሩ ይወስኑ። እዚህ የምንይዘው ምሳሌ በታችኛው መንጋጋ ከ34 እስከ 44 ያሉት ጥርሶች (በጥርስ ሐኪሞች አቆጣጠር 34 የግራው፣ 44 የቀኙ 4ኛ ጥርስ ነው) የቀሩለት፣ በሁለቱም በኩል 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው የጠፉበት አፍ ነው። ኤድዋርድ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጣው ምደባ ይህ ክፍል 1 ይባላል፤ ከኋላ ምንም ጥርስ ስለሌለ ሰው ሠራሹ ጥርስ ከበስተኋላው ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ዓይነት ነው።

የጥያቄያችን አጻጻፍ ይህን ይመስላል፦ «በእያንዳንዱ ጎን አንድ ኢምፕላንት ብቻ ማስገባት ቢቻል፣ በ7ኛው ጥርስ ቦታ ማስገባትና በ5ኛው ቦታ ማስገባት በደጋፊው 4ኛ ጥርስ፣ በድዱና በኢምፕላንቱ ዙሪያ ባለው አጥንት ላይ ምን ልዩነት ያመጣሉ?» ለዚህ ቢያንስ ሦስት ሞዴል ያስፈልጋል፦ ኢምፕላንት የሌለው፣ ኢምፕላንቱ 7 ላይ ያለ፣ ኢምፕላንቱ 5 ላይ ያለ። ኢምፕላንት የሌለውን ሞዴል ብዙ ሰው ይዘልለዋል። መዝለል ግን መነሻውን ማጣት ነው፤ ኢምፕላንቱ ስንት ጥቅም እንዳመጣ የሚታወቀው ካለመኖሩ ጋር ሲነጻጸር ነው።

2. መሣሪያ

አንሲስ ወይም አባከስ የተባሉት የስሌት ሶፍትዌሮች ፈቃድ ያለው ተቋም ውስጥ ካሉ ይጠቀሙባቸው። ከሌለ ሥራው በነፃ ሶፍትዌር ከዳር ይደርሳል፦ ስካኑን ለመለየት ስሪዲ ስላይሰር፣ ገጹን ለማጽዳት ሜሽላብ ወይም ብሌንደር፣ ክፍሎቹን ለመሥራት ፍሪካድ፣ ለሜሽ (ቅርጹን ወደ ትንንሽ ቁራጮች ለሚከፋፍለው መረብ) ጂምሽ፣ ለስሌት ካልኩሊክስ። ለስላሳ አካላትን በስፋት ለሚያጠና ሰው ፌቢዮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ለባዮሜካኒክስ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ይመቻል።

ሁልጊዜ በሚሊሜትር፣ በኒውተንና በሜጋፓስካል ይሥሩ። ሦስቱ እርስ በርስ ይስማማሉ። ጊጋፓስካልን ከሜጋፓስካል ጋር ቀላቅሎ ማስገባት ሺህ እጥፍ ስሕተት ያመጣል፤ ሥዕሉ ግን ቀለሙ አምሮ ስለሚወጣ አያስጠረጥርም።

3. ቅርጹን መገንባት

አጥንቱ ከኮን ቢም ሲቲ (መንጋጋውን በሦስት ገጽታ ከሚያነሣ የኤክስሬይ ስካን) ይገኛል። ለሞዴል ብቻ ተብሎ ታካሚን ለጨረር ማጋለጥ አይገባም፤ ለሕክምናው ቀድሞ የተነሣውን፣ በታካሚው ፈቃድ ይጠቀሙ። ስካኑ የሚቀመጥበት የዳይኮም ፋይል በውስጡ የታካሚውን ስምና የልደት ቀን ስለሚይዝ ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ሳይወጣ እነዚህን የግል መረጃዎች ከፋይሉ ላይ ያጥፉ።

ሲቲው ድዱን በደንብ አያሳይም። መፍትሔው የአፍ ውስጥ ስካን ወይም የጂፕስ ቅጂ ስካን ማግኘትና በቀሩት ጥርሶች ገጽ እያገጣጠሙ በሲቲው ላይ መደረብ ነው። በስካኑ ገጽና በአጥንቱ ገጽ መካከል የሚቀረው ክፍተት የድዱ ትክክለኛ ውፍረት ነው። ብዙዎች ድዱን በየቦታው እኩል 2 ሚሊሜትር አድርገው ይሠሩታል። ይህ ለመጀመሪያ ሙከራ ይሆናል፤ ከኋላ በኩል ወፍራምና ለስላሳ ድድ ባለበት አፍ ግን ትልቁን እውነት ይደብቃል፣ ሰው ሠራሹ ጥርስ አብዝቶ የሚሰምጠው እዚያው ነውና።

የጥርሱን ሥር ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ፔሪዮዶንታል ሊጋመንት ውፍረቱ ከ0.2 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ የሲቲው ነጥብ አይለየውም። የሥሩን ገጽ በዚያ መጠን ወደ ውጭ አስፍተው፣ ከአጥንቱ ላይ ቀንሰው ይሥሩት።

የብረት አጽሙ የሚከተሉት ይኑሩት፦ ከምላስ በኩል የሚያልፍ ዘንግ (ሊንጓል ባር)፣ በ34 እና በ44 ላይ በፊተኛው ጎናቸው የተቀመጡ ሬስቶች (ጥርሱ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ድጋፎች)፣ በኋለኛው ጎናቸው ጋይድ ፕሌት (ጥርሱን ተጠግቶ አገባቡን የሚመራ ሳህን)፣ ከጉንጭ በኩል አይ ባር ክላስፕ (ቀጭን ጥርስ መያዣ ክንድ)፣ በአክሪሊኩ (ድድ መሰሉ ፕላስቲክ) ውስጥ የሚቀበር የብረት መረብ። ሬስቱ በፊተኛው ጎን መሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው። ሳድል የሚባለው፣ ድድ ላይ የሚያርፈው የአክሪሊክ ክፍል ሲሰምጥ የአይ ባሩ ጫፍ ወደ ታችና ወደ ፊት ሄዶ ጥርሱን ይለቃል። ሬስቱ በኋለኛው ጎን ቢሆን ግን ጫፉ ወደ ላይ ተነሥቶ ጥርሱን ወደ ኋላ ይነቀንቃል። ሞዴሉ ይህን እንቅስቃሴ ካላሳየ የሆነ ቦታ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ኢምፕላንቱ 4 ሚሊሜትር ስፋትና 10 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ልሙጥ ሲሊንደር ቢሆን ለንጽጽር ይበቃል። የብሎን ጥርስ የሚያስፈልገው ጥያቄዎ ስለ ብሎን ጥርሱ ከሆነ ነው። ከታች ካለው የነርቭ ቦይ ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይራቅ፤ ሐኪም አፍ ውስጥ ሊያስገባው የማይችለውን ኢምፕላንት ሞዴል ላይ ማስገባት ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

4. የቁሶቹ ባሕርይ

በጥርስ ሕክምና ትንተናዎች ውስጥ በብዛት የሚገቡት የያንግስ ሞዱለስ (ቁሱ ቅርጹ እንዳይለወጥ የሚያሳየው ጥንካሬ) እና የፖይሰን ሬሾ (ሲጨመቅ ወደ ጎን የሚሰፋበት ምጣኔ) ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

- ኮርቲካል (ውጫዊው ጠንካራ) አጥንት፦ 13,700 ሜጋፓስካል፣ 0.30
- ስፖንጅ መሰሉ አጥንት፦ 1,370 ሜጋፓስካል፣ 0.30
- ዴንቲን (የጥርሱ ዋና አካል)፦ 18,600 ሜጋፓስካል፣ 0.31
- ፔሪዮዶንታል ሊጋመንት፦ 68.9 ሜጋፓስካል፣ 0.45
- ኮባልት ክሮም፦ 218,000 ሜጋፓስካል፣ 0.33
- ቲታኒየም፦ 110,000 ሜጋፓስካል፣ 0.35
- አክሪሊክ፦ 2,700 ሜጋፓስካል ገደማ፣ 0.35

ለድድ የሚሰጠውን ቁጥር ሆን ብዬ ከዝርዝሩ አስወጥቻለሁ። በታተሙ ሥራዎች ውስጥ ከ1 ሜጋፓስካል በታች ጀምሮ እስከ 680 ሜጋፓስካል ድረስ ይገኛል። ልዩነቱ ምን እንደሚያደርግ በወረቀት እናስላው። አንዱ ሳድል 400 ካሬ ሚሊሜትር ድድ ላይ ቢያርፍና 100 ኒውተን ቢጫነው፣ ግፊቱ 0.25 ሜጋፓስካል ነው። ድዱ 2 ሚሊሜትር ውፍረትና 680 ሜጋፓስካል ጥንካሬ ካለው 0.7 ማይክሮን ያህል ብቻ ይጨመቃል። ይህ ከኢምፕላንት መውረድ ያነሰ ነው! እንዲህ ባለው ሞዴል ድዱ ከሁሉ የጠነከረ ድጋፍ ሆኖ ሸክሙን ስለሚወስድ ኢምፕላንቱ ምንም ጥቅም የሌለው ይመስላል። 1 ሜጋፓስካል ብናደርገው 500 ማይክሮን ይጨመቃል፤ ዙሪያውን የታሰረ ድድ በቀላሉ ወደ ጎን ስለማይወጣ፣ የፖይሰን ሬሾው 0.45 ሲሆን መጨመቁ ወደ 130 ማይክሮን ይወርዳል። ይህ አፍ ውስጥ ከሚታየው ጋር ይቀራረባል።

እውነተኛ ድድ መጀመሪያ ላይ በቀላሉ ይጨመቃል፣ ከዚያ ይጠነክራል፤ ጫናው ሲነሣም ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው። የሚቻልዎ ከሆነ እየተጨመቀ ሲሄድ መጠንከሩን በሃይፐርኤላስቲክ ቀመር፣ ቀስ ብሎ መመለሱን ደግሞ በቪስኮኤላስቲክ ቀመር ያስገቡት። ካልሆነ በ1፣ በ5 እና በ20 ሜጋፓስካል ሦስት ጊዜ ያስሉ። የሞዴሎቹ ደረጃ በሦስቱም ካልተለወጠ መደምደሚያዎ ጽኑ ነው። ከተለወጠ ድምዳሜው በየትኛው የድድ ዓይነት እንደሚሠራ ለይተው መጻፍ ግዴታዎ ነው።

የሊጋመንቱ 68.9ም ቢሆን በልማድ ከሞዴል ወደ ሞዴል የሚወራረስ ቁጥር ነው እንጂ እንደ ብረት የተረጋገጠ አይደለም። ስለዚህ አንድ ፈተና አጥብቄ እመክራለሁ፦ ሙሉውን ሞዴል ከማስላት በፊት ሦስቱን ድጋፎች ለየብቻ ይጫኗቸው። አንድ ጥርስ ከነሊጋመንቱና ከነአጥንቱ፣ አንድ ኢምፕላንት ከነአጥንቱ፣ አንድ የድድ ቁራጭ በአጥንት ላይ። መውረዳቸውን መግቢያው ላይ ካሉት ቁጥሮች ጋር ያስተያዩ። ጥርሱ እንደ ኢምፕላንት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ከወረደ የሊጋመንቱን ቁጥር ዝቅ እያደረጉ በክልሉ ውስጥ ያስገቡት። ፈተናው ብዙ ጊዜ አይወስድም፤ ቀሪው ሥራ በሙሉ የሚቆመውም በእሱ ላይ ነው።

5. ንክኪ

ሁሉንም ክፍል አጣብቆ ማስላት ቀላልና ፈጣን ነው፤ ውጤቱ ግን ስለሌላ ዕቃ ነው፤ የተጣበቀ ነገር እንደ ቋሚ ድልድይ ይሠራል። የሚወልቅ ጥርስ ይነሣል፣ ይንሸራተታል፣ ይላቀቃል።

የሚጣበቁት እነዚህ ብቻ ይሁኑ፦ አጥንት ከኢምፕላንት፣ ጥርስ ከሊጋመንት፣ ሊጋመንት ከአጥንት፣ ድድ ከአጥንት፣ ብረቱ ከአክሪሊኩ።

ሳድሉና ድዱ ሲገፋፉ ብቻ ኃይል የሚተላለፉ፣ ሲለያዩ የሚለቃቀቁ ይሁኑ። አለበለዚያ በአንድ በኩል ሲነከስ ተቃራኒው ጎን እንዳይነሣ ድዱ እንደ ማጣበቂያ ይይዘዋል። ምራቅ ስላለ ሰበቃው ትንሽ ይሁን። ሬስት ከጥርስ፣ ክላስፕ ከጥርስ፣ ጋይድ ፕሌት ከጥርስ ሁሉም ተንሸራታች ንክኪ ናቸው።

ከኢምፕላንቱ በላይ ያለው ማያያዣ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢምፕላንቱ ላይ ጉልላት መሰል ክዳን ብቻ ከተቀመጠ ሳድሉ ከላይ ያርፍበታል እንጂ አይያዝም፤ መሳብ የሌለበት ንክኪ ይስጡት። ሎኬተር (ተጭኖ ገብቶ የሚይዝ ማያያዣ) ወይም የኳስ ማያያዣ ከሆነ በብረት ቤቱ ውስጥ ያለውን የናይለን ቆብ ራሱን የቻለ ክፍል አድርገው ሠርተው ከኢምፕላንቱ ራስ ጋር ሰበቃ ያለው ንክኪ ይስጡት። ቆቡን ካጣበቁት ሳድሉ ሲያጋድል ኢምፕላንቱን ይዞት ይታጠፋል፤ በአንገቱ ዙሪያ የሚታየው ከፍተኛ ውጥረትም የሞዴሉ ፈጠራ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስሌቱ መቆሙ የተለመደ ነው። ሰው ሠራሹ ጥርስ ከምንም ጋር ስላልተጣበቀ ንክኪው እስኪፈጠር ድረስ ተንሳፋፊ ነውና ካልኩሊክስም ሆነ ሌላው ፕሮግራም መልስ ያጣል። መጀመሪያ በጣም ደካማ ምናባዊ ስፕሪንጎች ያስሩበት፣ ከዚያ በ1 ወይም በ2 ኒውተን ቀስ ብለው ያሳርፉት፣ ከዚያ ሙሉውን ጫና በትንንሽ ደረጃ ይጨምሩ። ሲጨርሱ ስፕሪንጎቹ የያዙት ኃይል ከጠቅላላው 1 በመቶ እንኳ እንደማይሞላ ያረጋግጡ።

6. ማሰርና መጫን

መንጋጋውን ከምንመለከተው ቦታ ራቅ አድርገው፣ በሁለቱም በኩል ወደ ጆሮ በሚወጣው የአጥንት ክፍል ላይ አስረው ይያዙት። ከኢምፕላንቱ ሥር የአጥንቱን የታችኛ ጠርዝ በሙሉ ማሰር መንጋጋው እንዳይታጠፍ ስለሚከለክል ውጥረቱን ያሳንሰዋል።

ለጫና ቢያንስ ሦስት ሁኔታ ያስፈልጋል። አንደኛው በሁለቱም ጎን 100 ኒውተን ቀጥታ ወደ ታች፣ በ5ኛው፣ በ6ኛውና በ7ኛው ላይ የተከፋፈለ። ሁለተኛው ያው 100 ኒውተን በአንድ ጎን ብቻ። ሦስተኛው ከጉንጭ ወደ ምላስ 30 ዲግሪ ያዘነበለ። በአንድ ጎን የሚጫነውን አይተዉት፤ ሰው የሚያኝከው በአንድ ጎን ነው፣ አጽሙም ተጣምሞ ሌላኛውን ጎን የሚያነሣው ያኔ ነው። በዚህ ምክንያት መንጋጋውን ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ብቻ ማስላት የሚሠራው ለመጀመሪያው ሁኔታ ብቻ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ የሚላቀቅ ንክኪ ባለበት ሞዴል የ100 ኒውተን ውጤትን በ2 አባዝቶ የ200 ኒውተን ነው ማለት አይቻልም። እንደገና ማስላት ያስፈልጋል።

7. ሜሽ

ባለ 10 ኖድ (ነጥብ) ቴትራሄድራል (አራት ፊት ያለው) ኤለመንት፣ ማለትም የሜሽ ቁራጭ፣ ይምረጡ። ባለ 4 ኖዱ ድድና ሊጋመንትን ከተፈጥሯቸው በላይ ያጠነክራቸዋል፣ እነሱ ቅርጻቸው እንጂ ይዘታቸው በቀላሉ ስለማይለወጥ ስሌቱ ይቆለፋል፣ ማለትም መውረዳቸውን አሳንሶ ያወጣል። ለአጠቃላዩ አጥንት 1 ሚሊሜትር፣ ለኢምፕላንቱ አንገት፣ ለክላስፑና ለሬስቱ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ጥሩ መነሻ ነው። በድዱ ውፍረት ውስጥ ቢያንስ ሁለት ረድፍ ኤለመንት ይግባ። ከዚያ በወሳኝ ቦታዎቹ ላይ ሜሹን አድቅቀው እንደገና ያስሉ፤ የሚከታተሉት ቁጥር ከ5 በመቶ በታች ሲለዋወጥ ሜሹ በቅቷል።

በሹል ማዕዘን ላይ፣ ለምሳሌ ኢምፕላንቱ ከአጥንቱ ገጽ በሚወጣበት ክብ መስመር፣ ሜሹ በደቀቀ ቁጥር ውጥረቱ ያለ ማቋረጥ ያድጋል። ያን አንድ ነጥብ አይዘግቡ። በአንገቱ ዙሪያ 1 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የአጥንት ቀለበት ለይተው አማካዩን ወይም 99ኛውን ፐርሰንታይል (ከዋጋዎቹ 99 በመቶው የማይበልጡትን ቁጥር) ይውሰዱ፣ ለሦስቱም ሞዴሎች በአንድ ዓይነት መንገድ።

8. ውጤቱን ማንበብ

መጀመሪያ የቀለም ካርታውን አይክፈቱ። የድጋፍ ኃይሎቹ ድምር ከጫኑት ኃይል ጋር እኩል መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ እንቅስቃሴውን 50 ጊዜ አጉልተው ያጫውቱት። ሳድሉ ከኋላ እየሰመጠ ነው? አይ ባሩ ጥርሱን ለቋል? ተቃራኒው ጎን ተነሥቷል? እንቅስቃሴው ከክሊኒክ ልምድ ጋር ካልተስማማ ውጥረቱን ማንበብ አያስፈልግም።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ ድጋፍ የሚያልፈውን ኃይል በኒውተን ያውጡ፦ በሬስቶቹ ስንት፣ በድዱ ስንት፣ በኢምፕላንቱ ስንት። ከማንኛውም ባለ ቀለም ሥዕል ይልቅ እኔ የምፈልገው ይህን ሠንጠረዥ ነው። ኢምፕላንቱ 7 ላይ ሲሆን የሳድሉ ጫፍ ስለማይሰምጥ ከድዱ ላይ የሚነሣው ሸክም ትልቅ ነው፤ ክፍል 1 የነበረው አፍ ከፊትም ከኋላም ድጋፍ ያለው ክፍል 3ን ይመስላል። 5 ላይ ሲሆን ደጋፊው ጥርስ ይበልጥ ይጠበቃል፣ ከኢምፕላንቱ በስተኋላ ያለው ሳድል ግን እንደተንጠለጠለ ስለሚቀር ጫፉ አሁንም ይሰምጣል፣ ኢምፕላንቱንም ወደ ኋላ ለማጠፍ ይሞክራል።

ለብረት ክፍሎች የቮን ሚዝስ ውጥረት (በየአቅጣጫው ያለውን ውጥረት በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለው) ትክክለኛ መለኪያ ነው፤ የኮባልት ክሮም አጽም ብዙውን ጊዜ ከ500 ሜጋፓስካል በላይ ይችላል፣ ግን ክላስፕ በየቀኑ ሲገባና ሲወጣ በድካም ስለሚሰበር ከዚያ በብዙ ዝቅ ብሎ መገኘት አለበት። አጥንት እንደ ብረት አይደለም፤ ለመሳብና ለመጨመቅ ያለው አቅም ይለያያል። ስለዚህ ትልቁንና ትንሹን ፕሪንሲፓል ውጥረት (ትልቁ መሳቡን፣ ትንሹ መጨመቁን ያሳያል) ለየብቻ ያንብቡ። ስትሬኑንም (የቅርጽ ለውጡን ምጣኔ፤ 1 ማይክሮስትሬን የርዝመት አንድ ሚሊዮንኛ ለውጥ ነው) ይመልከቱ፦ በአጥንት ተመራማሪው በሃሮልድ ፍሮስት ንድፈ ሐሳብ ከ1,500 እስከ 3,000 ማይክሮስትሬን ያለው አጥንት ራሱን የሚያጠናክርበት ክልል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲዘልቅ ጉዳቱ ከጥገናው ይቀድማል። በ13,700 ሜጋፓስካል አጥንት 3,000 ማይክሮስትሬን 41 ሜጋፓስካል ገደማ ማለት ነው።

ለድዱ የሚነበበው ግፊት ነው፤ ከመጠኑ ይልቅ ስርጭቱን ያጥኑ። ከሳድሉ ጫፍ ሥር ተከማችቶ የሚታይ ግፊት አፍ ውስጥ ቁስልና የአጥንት መሸርሸር የሚጀምርበት ቦታ ነው።

9. ለሐኪሙ ማስረከብ

ሥዕሎቹን ሲያዘጋጁ የቀለም መለኪያው በሁሉም ሞዴሎች አንድ ይሁን። ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ ሥዕል የራሱን መለኪያ ስለሚመርጥ 5 ሜጋፓስካልም 50 ሜጋፓስካልም እኩል ቀይ ሆነው ይታያሉ። ከሥዕሉ ሥር ለድዱ የሰጡትን ቁጥርና ውፍረት፣ የማያያዣውን የንክኪ ዓይነት፣ የጫናውን አቅጣጫ ይጻፉ። ቁጥሮቹ በሞዴሎቹ መካከል ለማወዳደር እንጂ በአንድ ታካሚ አፍ ውስጥ የሚሆነውን በሜጋፓስካል ለመተንበይ እንዳልሆኑም በግልጽ ይስፈር። አቅም ካለ ያንኑ መንጋጋ በስሪዲ ፕሪንተር አትመው፣ ድዱን በሲሊኮን ተክተው፣ ስትሬን ጌጅ (የስትሬን መለኪያ) ለጥፈው በመጫን ማመሳከር ይቻላል።

ሐኪሙ ሪፖርቱን ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው 7ኛው ቦታ ላይ አጥንት አለ ወይ የሚለውን ነው። ጥርሱ ከጠፋ ብዙ ዓመት በሆነው መንጋጋ ከነርቭ ቦዩ በላይ ለ10 ሚሊሜትር ኢምፕላንት የሚበቃ ቁመት ብዙ ጊዜ አይገኝም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ተጨማሪ ሞዴሎች አዘጋጅተው ይያዙ፦ አንዱ ባለ 6 ሚሊሜትር ኢምፕላንት በ7ኛው ቦታ፣ ሌላው ባለ 10 ሚሊሜትር በ6ኛው ቦታ። አጽሙ፣ ድዱና ሜሹ ስላሉ የሚለወጠው ኢምፕላንቱና በዙሪያው ያለው አጥንት ብቻ ነው።